እጮኛዬን ሳላሳውቀው ላስመርምረው?

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከአዲስ አበባ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይገለጽ ጠይቃለች። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 29 ነው። ከእጮኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ተኩል ሆነን። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ፣ ሰርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ከአምስት ወር በፊት ትኩሳት ያዘኝ። ብልቴ አካባቢ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡብኝ፤ ፈንድተው ቆሰሉ። ስሸና እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር። ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ አየኝና ‹ሄርፒስ ነው፣ አባላዘር ነው› አለኝ። አሳይክሎቪር አዘዘልኝ፤ ወስጄ ዳንኩ። ሌላ ምንም አላብራራልኝም። ለእጮኛዬ የሽንት ኢንፌክሽን ነው አልኩት።

ከእሱ በፊት አንድ ሰው ነበረኝ። እጮኛዬም ከእኔ በፊት ሌላ ሴት ነበረችው። እሱ ፍጹም ጤነኛ ነው። አልፎ አልፎ ከንፈሩ ላይ ምች ከሚወጣበት በቀር ታሞ አያውቅም። አሁን ለጋብቻው የኤችአይቪ ምርመራ ልናደርግ ነው፤ ንስሐ አባታችን ወረቀቱን ጠይቀውናል። አንዲት ጓደኛዬ ላብራቶሪ ትሠራለች። ‹ደሙን ሲሰጥ ሄርፒሱንም አብሬ አይልሻለሁ፣ ማንም አያውቅም› ብላኛለች። ካለበት ያመጣብኝ እሱ ነው ማለት ነው፤ ቢያንስ ማን እንደበደለኝ አውቃለሁ። ከሌለበት ደግሞ እኔ ላስይዘው ነው። ምን ላድርግ? እንቅልፍ አጣሁ።»

እህቴ፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አታድርጊው። ለጓደኛሽም «ተይው» በያት።

የሰው ደም ሳይፈቅድ ለሌላ ነገር አይመረመርም። እሱ ክንዱን የሚዘረጋው ለኤችአይቪ ምርመራ ነው። ጓደኛሽም አስባልሽ ነው ያለችው፣ ነገር ግን ቢታወቅባት እንጀራዋን ታጣለች። ይህም ብቻ አይደለም። ውጤቱን ብታገኚው ምን ታደርጊበታለሽ? «አለበት» ቢል፣ እንዴት እንዳወቅሽ ሳትናገሪ ልትነግሪው አትችዪም። «የለበትም» ቢልም ያው ነው። ወረቀቱ ቦርሳሽ ውስጥ ተቀምጦ እስከ ሰርግሽ ቀን ውስጥሽን ሲበላው ይኖራል።

ደግሞ ያ ወረቀት የጠየቅሽውን ጥያቄ አይመልስም። ይህን ላስረዳሽ፣ ትንሽ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። «ምች» ያልሽው ላይ።

እኛ ቤት ምች የያዘው ልጅ ሲኖር እናቴ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ትቀባን ነበር። ያሳደገን መድኃኒት ነው። ምች ብለን የምንጠራው ነገር ብዙ ነው፤ ትኩሳቱንም፣ ራስ ምታቱንም ምች እንላለን። ከንፈር ዳር የሚወጣው፣ መጀመሪያ ውሃ ቋጥሮ በኋላ ቅርፊት የሚይዘው ቁስል ግን በአብዛኛው ሄርፒስ ነው። አዎ፣ ሄርፒስ። ዓይነት 1 የሚባለው።

ሄርፒስ ሁለት ዓይነት አለው። ዓይነት 1 በብዛት የአፍ ነው። ዓይነት 2 በብዛት የብልት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶው ዓይነት 1 አለበት። ይህ ወደ 3.8 ቢሊዮን ሰው ነው። አብዛኛው የሚይዘው በልጅነቱ ነው፤ አክስት ስትስመው፣ እናት ስታጎርሰው። ዓይነት 2 ደግሞ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት 520 ሚሊዮን ያህሉ ላይ ይገኛል። ከስምንት ሰው አንዱ ማለት ነው። አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም፤ ምልክቱ አልታየባቸውም፣ ወይም ቢታይም «ላብ ነው፣ መላጨት ነው» ብለው አልፈውታል።

አሁን በግልጽ ልጻፈው። ዓይነት 1 በአፍ በሚደረግ ወሲብ ከከንፈር ወደ ብልት ይሄዳል። ከንፈሩ ላይ ቁስል በሌለበት ቀንም ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ አንቺን ያመመሽ ነገር፣ እጮኛሽ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከንፈሩ ላይ የወጣው ያው ምች ሊሆን ይችላል። ነው አላልኩሽም። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩሽ። እንዲያ ከሆነ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ በዳይ የለም። የማገጠ የለም፣ የዋሸም የለም።

ሐኪሙ ዓይነቱን አልነገረሽም። ሊነግርሽም አይችልም ነበር፤ በዓይን አይለይም። ሐኪሙን አልወቅሰውም። በአገራችን ጤና ጣቢያዎችም ብዙ ጊዜ አባላዘር የሚታከመው በሚታየው ምልክት ነው፤ ላብራቶሪ እስኪደርስ ሰው እንዳይጉላላ ታስቦበት የተሠራ አሠራር ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። «አባላዘር» የምትለዋን ቃል ሰጥቶ ያለ ምንም ማብራሪያ ወደ ቤት ሰደደሽ። አንቺም ያቺን አንድ ቃል ይዘሽ አምስት ወር ብቻሽን ተንገላታሽ።

ወደ ደም ምርመራው ልመለስ፤ ጓደኛሽ በደቂቃ የሚያልቅ ነገር አስመስላዋለችና።

የደም ምርመራው የሚያየው ቫይረሱን አይደለም። ሰውነት ለቫይረሱ ያዘጋጀውን መከላከያ፣ አንቲቦዲ የሚባለውን ነው የሚያየው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ መግባቱን ሊነግርሽ ይችላል። መቼ እንደገባ አይነግርሽም። ከማን እንደመጣም አይነግርሽም። ዓይነት 1 ከሆነ አፍ ላይ ይሁን ብልት ላይ እንኳ አይነግርሽም። እጮኛሽ ከንፈሩ ላይ ምች የሚወጣበት ሰው ስለሆነ፣ ደሙ ቢመረመር «ሄርፒስ አለ» የሚል ወረቀት የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። አንቺም ያንን ወረቀት ይዘሽ «በደለኝ» ልትዪ ነበር። ሰርግሽን በምች ልታፈርሺው ነበር።

ዓይነት 2 ቢገኝበትስ? ያኔም አታውቂም። ከቀድሞ ጓደኛው ይዞት ለአንቺ አስተላልፎ ሊሆን ይችላል። አንቺ ከቀድሞ ጓደኛሽ ይዘሽው ሳታውቂ ለእሱ አስተላልፈሽም ሊሆን ይችላል። ይህ ቫይረስ በታችኛው የጀርባ አጥንት አጠገብ ባሉ ነርቮች ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ይቆያል። መጀመሪያ የታየበት ቀንና የተያዘበት ቀን የግድ አንድ አይደሉም። ትኩሳት፣ ንፍፊትና ኃይለኛ ማቃጠል ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ አዲስ መያዝን ያመለክታል፤ ሆኖም ይህን አይቶ «ይህን ያህል ወር ነው» ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። በዚህ ነገር ላይ ዳኛ የሚሆን ምርመራ አልተሠራም።

አንድ ነገር በመሀል ልጨምር። ሰው ሁሉ «ሄርፒስ» ሲባል አልማዝ ባለጭራ ይመስለዋል። በዚያ በኤችአይቪ ክፉ ዘመን አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ወዲያው ይጠረጠር ስለነበር፣ ቃሉ ራሱ ፍርሃት አለው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው የጉድፍ ቫይረስ ነው። ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ለእጮኛሽ ስትነግሪው ይህን ግራ መጋባት ቀድመሽ አጥሪለት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መመርመር ያለበት እሱ አይደለም። አንቺ ነሽ።

የቆዳና አባላዘር ሐኪም ወይም የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የሆነውን ሁሉ ልክ ለእኔ እንደጻፍሽው ንገሪው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ቁስሉ ተመልሶ ከመጣ፣ ውሃ እንደቋጠረ፣ ሳይደርቅ ናሙና ማስወሰድ ነው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብትደርሺ ይሻላል። ፒሲአር ይሠራለታል፤ ከኮሮና ወዲህ ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሁሉም የታመነው ይሄ ነው፤ ዓይነቱንም ይለያል። ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። አንቲቦዲው እስኪታይ 12 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ አንቺ አምስት ወር ስለሞላሽ ጊዜው ደርሷል።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ላብራቶሪውን ይህን ጠይቂ፦ «ምርመራው ዓይነት 1ን ከዓይነት 2 ይለያል? አይጂጂ ነው ወይስ አይጂኤም?» ሁለቱም የአንቲቦዲ ዓይነቶች ናቸው። አይጂኤም ከሆነ ብርሽን አታባክኚ። አዲስ ሕመምን ከአሮጌ አይለይም፤ ሰውን ያለ ነገር ያስደነግጣል። የምትፈልጊው ዓይነት የሚለየውን አይጂጂ ነው።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ በቁጥር ይመጣል። ወረቀቱ ላይ «አለ» የሚል ቢጻፍም ቁጥሩን እዪው። በተለመደው ምርመራ ከ1.1 በላይ «አለ» ይባላል፤ ከ3 በታች የሆነው ግን፣ በተለይ ለዓይነት 2፣ ደጋግሞ ይሳሳታል። እንዲህ ያለው ቁጥር በሌላ ዘዴ እንደገና መረጋገጥ አለበት። ምልክት የሌለበት ሰው ሁሉ እንዲመረመር የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የመከላከል ሕክምናን የሚመረምረው የባለሙያዎች ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. «ምልክት የሌላቸውን ሰዎች በጅምላ አትመርምሩ» ብሎ ነበር፤ በ2023ም ያንኑ ደገመው። የሚሳሳተው ውጤት የሚያፈርሰው ትዳርና የሚያመጣው ጭንቀት ከጥቅሙ ይበልጣል ብለው ነው። ጓደኛው የታመመበት ሰው ነገር ግን የተለየ ነው። ለእሱ ምርመራው ትርጉም ሊኖረው ይችላል። መጀመሪያ ግን ያንቺ ዓይነት ይታወቅ።

በዚያው ቀን ቂጥኝም ተመርመሪ። ብልት ላይ የሚወጣ ቁስል ሁሉ ሄርፒስ አይደለም፤ ቂጥኝም ከርክርም አለ። በዓይን ብቻ የተባለ ነገር ይጣራ። የኤችአይቪውን ምርመራም አትዝለዪው፤ ዓይነት 2 ሄርፒስ ያለበት ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ ለጋብቻ የሚሰጠው የኤችአይቪ ወረቀት ስለ ሄርፒስ ምንም አይናገርም። «ደሜን ተመርምሬ ነፃ ነኝ» የሚል ሰው ውሸት አይደለም የተናገረው፤ ሄርፒሱን ግን ማንም አላየለትም።

አሁን ዋናው። ንገሪው።

እንደሚከብድ አውቃለሁ። «ሽማግሌ ከተላከ በኋላ» የሚለው ፍርሃትሽ በየመስመሩ ይታየኛል። ቤተሰብ ይሰማ ይሆን? አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ ሰው ተጠርቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን የምፈራልሽ ሌላ ቀን ነው። ከሰርጉ በኋላ፣ በስድስተኛው ወር፣ ቁስሉ ተመልሶ ሲመጣና «ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቂዋለሽ?» ሲልሽ። ዛሬ ብትነግሪው የምትነግሪው ስለ አንድ ቫይረስ ነው። ያን ቀን ግን ጉዳዩ መደበቅሽ ይሆናል።

የራስሽን ውጤት ይዘሽ ብትነግሪው ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚጠይቅሽ ጥያቄ ግማሹ እዚያ ላይ ነው። ምርመራውን ግን ማዘግያ አታድርጊው። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሳይመጣም ንገሪው። እስከዚያ ከግንኙነት ብትታቀቡ ጥሩ ነው።

በቴሌግራም አትጻፊለት። ማኪያቶ ቤት ውስጥ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ አይሆንም። አልጋ ላይም አይሆንም። በእግር እየሄዳችሁ፣ ወይም ቤት ውስጥ ማንም የማይገባበት ሰዓት መርጠሽ ንገሪው። እንዲህ ብትዪው፦

«ከአምስት ወር በፊት ታምሜ የሽንት ኢንፌክሽን ነው ያልኩህን ታስታውሳለህ? እሱ አልነበረም። ሐኪሙ ሄርፒስ ነው አለኝ። ደንግጬ፣ አፍሬ ደበቅኩህ። ይቅርታ። ከዚያ ወዲህ ስለ በሽታው ተምሬያለሁ። ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፤ አንተንም አልከስህም። ከንፈርህ ላይ የሚወጣው ምች ራሱ የሄርፒስ ዓይነት ነው። ብትፈልግ አብረን ሐኪም ጋ ሄደን እንጠይቅ።»

ይህን ያህል ይበቃል። ከዚያ ዝም በዪ። እሱ ይናገር።

«ከማን አመጣሽው?» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው፤ ወዲያው ወደ ክርክር አትግቢ። «አላውቅም፣ ሐኪሙም አያውቅም» በዪው። ሊነሳና ሊሄድም ይችላል። ጥቂት ቀን ስጪው። አንድ ነገር ግን ጠይቂው፦ «ምንም ብትወስን፣ ይህ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር።» ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። ይመታኛል ብለሽ የምትፈሪው ሰው ከሆነ ግን ብቻሽን አትንገሪው፤ ሐኪሙ ወይም አማካሪዋ ነርስ ባሉበት ይሁን። እንዲያ የሚያስፈራሽ ከሆነ ስለ ሰርጉም እንደገና እናወራለን። ጻፊልኝ።

እንበልና እሺ አለ። ምርመራው ያስፈልገዋል?

ያንቺ ዓይነት 1 ከሆነና እሱም ከንፈሩ ላይ የሚወጣበት ከሆነ፣ እኔ ብሆን ለምርመራ ገንዘብ አላወጣም። ቫይረሱ ሰውነቱ ውስጥ አለ፣ መከላከያውም እንደዚሁ። ያንኑ ዓይነት ከአንቺ እንደገና የመያዙ ነገር ብዙም አያሰጋም። ብልት ላይ የወጣ ዓይነት 1 ተመልሶ የሚመጣውም ከዓይነት 2 በጣም ባነሰ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ ያህል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። «እኔ ላስይዘው ነው» ብለሽ የተጨነቅሽበት ነገር እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ዓይነት 2 ከሆነ ምርመራው ትርጉም አለው። እሱም አምኖበት፣ ዓይነት የሚለየውን አይጂጂ ይሥራ። ቢገኝበት፣ አንዳችሁ ሌላውን ከሄርፒሱ መከላከል አያስፈልጋችሁም፤ ለሕመሙ ብቻ ትታከማላችሁ። ባይገኝበት ደግሞ እሱን መጠበቅ ይቻላል። እንዴት?

ማሳከክ፣ ውርር ማለት፣ ማቃጠል ሲጀምርሽ ግንኙነት አቁሙ፤ ቁስሉ ድኖ ቆዳው እስኪመለስ ድረስ። በሌላው ጊዜ ኮንዶም። ኮንዶም ሁሉንም ቦታ ስለማይሸፍን ሙሉ በሙሉ አያግደውም፣ ግን ይቀንሰዋል። ሦስተኛው በየቀኑ የሚወሰድ ኪኒን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አንዳቸው ዓይነት 2 ያለባቸውን፣ ሌላቸው የሌለባቸውን 1484 ጥንዶች ለ8 ወር ተከታትሏል። ታማሚው ቫላሳይክሎቪር 500 ሚሊግራም በቀን አንዴ ሲወስድ የተያዙት ጓደኞች 1.9 በመቶ ነበሩ። መድኃኒት በሌለው ባዶ ኪኒን ላይ ከነበሩት 3.6 በመቶ። ሁለቱንም ቁጥር እዪልኝ። ኪኒኑ በግማሽ ያህል ቀነሰው። ሳይወስዱት እንኳ ከመቶው ከዘጠና ስድስት የሚበልጡት አልተያዙም። «ላስይዘው ነው» የሚለው ፍርድ ከየት መጣ?

በሽንት ቤት መቀመጫ፣ በፎጣ፣ በአንሶላ አይተላለፍም። እናትሽ ቤት ዕቃ መለየት የለብሽም። ቁስሉ ሲወጣ ሎሚ፣ አረቄ፣ ዳማከሴም ቢሆን ብልትሽ ላይ አታድርጊ፤ ያቆስለዋል እንጂ አያድነውም። ለብ ያለ ውሃና ንጽህና ይበቃል፣ አሳይክሎቪሩም ቶሎ ከተጀመረ ያሳጥረዋል።

ልጅ ማሰባችሁ አይቀርም። ለሕፃን የሚያሰጋው ዋናው ነገር እናትየው በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ አዲስ ስትያዝ ነው። አንቺ ቀድመሽ የያዘሽ ስለሆነ አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው። በ36ኛው ሳምንት አካባቢ ኪኒን ያስጀምሩሻል፤ ምጥ ሲመጣ ቁስል ካለ በኦፕራሲዮን ያዋልዱሻል። ቁስልም ምልክትም ከሌለ ግን ብዙ ጊዜ በምጥ መውለድ ይቻላል።

ጓደኛሽን ዛሬ ማታ ደውዪላትና «ደሙን እንዳታዪው» በያት። ከተቆጣች «ራሴ ልነግረው ነው» በያት። ነገ ጠዋት የራስሽን ቀጠሮ ያዢ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ 1 ይሁን 2፣ ቁጥሩም ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ከዚያ የምትነግሪውን አብረን እናስተካክላለን።